ከማሪያና ወዲህ

እናቴ ከስቴቱ መንግሥት ለመጣችው ኢንስፔክተር «ቴሼይራ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም» ስትላት፣ ባለስሙ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው የአጃ ገንፏቸውን እየበሉ ነበር።

ቤቱ ሲያትል ውስጥ፣ ማውንት ቤከር፣ ከባቡር ጣቢያው የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነው። እናቴ ሣህሊቱ ስድስት አዛውንት ትጦርበታለች፤ ሆስፒታል የማያስፈልጋቸው፣ ብቻቸውን ግን መኖር የማይችሉ። እኛ «ሆሙ» ነው የምንለው። ኢንስፔክተሯ የስድስቱንም ፎልደር ልታይ ነበር የመጣችው። አምስቱ ተገኙ። ስድስተኛው ላይ በእናቴ ትልልቅ ፊደል የተጻፈው «ማኑኤል አንቶኒዮ ጆዜ» የሚል ነበር። የበሩ ካርድም፣ የመድኃኒቱ ሣጥንም እንደዚያው።

«ይሄ ማነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሚስተር ማኑኤል ናቸዋ። አባታቸው አንቶኒዮ፣ አያታቸው ጆዜ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«ቴሼይራስ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ በአማርኛ «ኖላዊት፣ እሱ የማን ስም ነው?» አለችኝ። «የአባትየው አይደለም፣ የአያትየው አይደለም። ምናልባት የቅድመ አያትየው ነው ብዬ ተውኩት። ሦስት ከሞላ ይበቃል ብለሽኝ የለ?»

እንደዚያ ብያት አላውቅም። ግን ገባኝ። እኛ ዘንድ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የሚፈለገው ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ብቻ ነው። እናቴ ሃያ አምስት ዓመት አሜሪካ ኖራለች። በመንጃ ፈቃዷ ላይ የአያቷ ስም «ላስት ኔም» ተብሎ ተጽፎ በየቀኑ ታየዋለች። ከአባትም ከአያትም ያልመጣ፣ ቤተሰብ ሁሉ በጋራ የሚለብሰው ስም ግን እስከ ዛሬ ልቧ አልገባም።

ኢንስፔክተሯ ሳቀች፤ ቢሆንም እስከ ወሩ መጨረሻ ይስተካከል ብላ ጻፈች። ሚስተር ማኑኤል አልሳቁም። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ዶቶራ» አሉኝ በፖርቱጋልኛ። «እናትሽን ጠይቂልኝ። አምስት መቶ ዓመት የኖረ ስም ከክፍሌ በር ላይ የነቀለችው በማን ሥልጣን ነው?»

ፖርቱጋል ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ዶክተር ይባላል። እኔ ኮይምብራ ሰባት ዓመት ታሪክ ተምሬ፣ የዶክትሬት ጽሑፌን ሳልጨርስ፣ ከሦስት ወር በፊት ነው የተመለስኩት። ያረጁ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ላይ ነበር የምሠራው። ቄሱ የጻፈው ያየውን ነው ወይስ ሰዎች የነገሩትን? የሚለው ጥያቄ እንደ ምስጥ ገባብኝና አንድ ቀን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ መጻፍ አቃተኝ። ሚስተር ማኑኤል ይህን ያውቃሉ። ማወቃቸውን እንዳልረሳ ነው ዶቶራ የሚሉኝ።

«ቆይ፣ ተቆጡ እንዴ?» አለች እናቴ። «አባታቸውን አልሰደብኩ፣ አያታቸውን አልሰደብኩ። ስማቸውን እኮ ነው የጻፍኩት።»

ከምሳ በኋላ ክፍላቸው አስጠሩኝ።

ሚስተር ማኑኤል ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ፋያል በምትባል የፖርቱጋል ደሴት ነው። ወጣት ሳሉ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ማሳቸውን አመድ አለበሰው፤ አሜሪካ ያኔ ለተጎጂዎቹ በሯን ከፈተች፣ እሳቸውም መጡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባላርድ ወደብ የዓሣ መረብ ሲጠግኑ ኖሩ። ዛሬም እጃቸው ሥራ ሲፈታ የብርድ ልብሱን ዘርፍ ይቋጥራሉ። ወደቡ ላይ ስማቸውን መጥራት ያቃታቸው ሁሉ «ቴክስ» ይሏቸው ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ቴክስ» አሉኝ። «ቴክሳስን ረግጬ አላውቅም። አሁን ደግሞ እናትሽ።»

ከአልጋቸው በላይ አንድ ክፈፍ ተሰቅሏል። በሰማያዊ ጋሻ ላይ የወርቅ መስቀል፣ ከሥሩ «ቴሼይራ» የሚል ጽሕፈት። እንዲህ ያለውን ጋሻ ማንም ስሙን ተናግሮ ከገበያ ይገዛዋል። ጋሻው የአንድ ባላባት ነበር እንጂ ስሙን የተሸከመ ሁሉ አይደለም። ይህን ነግሬያቸው አላውቅም።

«ወንበሩን ሳቢ» አሉኝ። «ሥራ ልሰጥሽ ነው።»

ሥራውን ለማስረዳት ስለ ዳያና መናገር ነበረባቸው። ዳያና የልጃቸው የፖል ልጅ ናት። ፖል ከሞተ በኋላ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ኖርዝጌት ትኖራለች። እሑድ እሑድ በባቡር እየመጣች ጋዜጣ ታነብላቸው ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንዲት ልጅ እያሳደገች ነው፤ ሌኒ ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ። ሌኒ ዳያና ቤት ከመድረሷ በፊት አራት ቤት ዞራለች። በሚመጣው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቀርበው ሕጋዊ ልጇ ልታደርጋት ነው። ስሟንም ቴሼይራ ልታሰኛት።

«አይሆንም አልኳት» አሉ ሚስተር ማኑኤል። «ልጅቷን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ጨዋ ልጅ ናት፤ በመጣች ቁጥር ኮቴን ታነሳልኛለች። ግን ስም ኮት አይደለም፣ ለእንግዳ አውልቀሽ የምትደርቢለት። ስም ደም ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ለሌኒ የከለከልከው ስም ለእኔም ይቅርብኝ፣ እኔም ለአንተ እቀራለሁ› አለች። ይኸው ሦስት እሑድ።» የብርድ ልብሱን ዘርፍ ቋጠሩ፣ ፈቱ። «አንቺ ታሪኩን ጻፊልኝ። ከመጀመሪያው። ባላባቶቹን፣ መርከቦቹን፣ ሁሉንም። ካነበበችው ይገባታል፤ ሞኝ አይደለችም።»

«ካልገባትስ?»

«ልቤ እስከ ሰመር ከቆየ ዕድለኛ ነኝ ብሎኛል ዶክተሬ። እውነተኛው ዶክተር ማለቴ ነው።»

እሺ አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ሌላ ሰው ያዘዘኝ ሥራ ስለሆነ፣ የእኔ ጥርጣሬ የማይገባበት መስሎኝ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ሲተኙ ኮሎምቢያ ሲቲ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ እሠራ ጀመር። መጀመሪያው ቀላል ነበር። በሰሜን ፖርቱጋል ተራራ ላይ ቴሼይራ የሚባል መንደር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው። ዛፉ በአማርኛ ስም የለውም፤ ቅጠሉ ዝግባ ይመስላል። ሲያትል ውስጥ በየአጥሩ አለ፤ የጎረቤታችን በር ላይም ሁለት ቆመዋል። የመንደሩ ጌታ በመንደሩ ስም ተጠራ። ከዚያ ሎሌዎቹ፣ ጭሰኞቹ፣ ክርስትና ያነሳቸው ልጆች፣ በግድ የተጠመቁ ሰዎች፣ በባርነት የተሸጡትም ጭምር ስሙን ወሰዱ ወይም ተጫነባቸው። መርከቦቹ ደሴቶቹ ጋ ሲደርሱ ስሙ እንደ ጨው ሆኗል፤ ያልገባበት ቤት የለም።

ቀጥሎ የሚስተር ማኑኤልን ቤት ለብቻው መቁጠር ነበረብኝ። የደሴቶቹ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል። ከማኑኤል ወደ አንቶኒዮ፣ ከአንቶኒዮ ወደ ጆዜ ወጣሁ። እናቴ በበሩ ላይ የጻፈችው ቆጠራ ልክ ነበር። የጆዜ ጥምቀት አባቱን ፍራንሲስኮ ቴሼይራ ይለዋል። ቄሱ የአባትየውን ወላጆች ሊጽፍበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን «አይታወቁም» ብሎ አልፏል።

ሦስት ቀን ፈለግኩ። ፍራንሲስኮን በ1841 ዓመተ ምሕረት መዝገብ፣ እንደ እነሱ አቆጣጠር፣ አገኘሁት። አራት መስመር ነው። «በፌብሩዋሪ ስድስት ንጋት ላይ በከተማው ማዞሪያ የተገኘ ወንድ ሕፃን። በግራ እጁ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። ፍራንሲስኮ ተብሎ ተጠመቀ። እያጠባች እንድታሳድገው ለማሪያና ዴ ጄዙስ፣ ለማኑኤል ቴሼይራ ሚስት፣ ተሰጠ።»

ማዞሪያው በግድግዳ ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት ሣጥን ነው። ልጇን ማሳደግ ያልቻለች እናት ከውጭ አስቀምጣ ታዞረዋለች፤ ደወል ትደውልና ትሄዳለች። በውስጥ ያለችው ሴት ሕፃኑን እንጂ የእናቱን ፊት አታይም።

ስለዚህ ስሙ የሞግዚት ባል ስም ነበር። ደም የሚባለው ነገር እዚያ ሣጥን ደጃፍ ላይ ያበቃል።

እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ ነገርኳቸው፤ ለእናቴና አብራን ለምትሠራው ለኡሙልኸይር። ኡሙልኸይር የደሴ ልጅ ናት፤ ማኘክ ለማይችሉት ለሚስስ ሃሪስ ዶሮና ድንች እየፈጨች ነበር።

«እንዳትነግሪያቸው» አለች እናቴ ሳትጠብቅ። «ምን ይጠቅማል? ቅድመ አያትዎ የተጣለ ልጅ ነው ብለሽ ለሚሞት ሰው? የተኛ ሰው ትራስ አይወሰድም።»

«የባላባት ተረት ብጽፍላቸው ደግሞ ዳያና አትመለስም። ልጅቷም ስሙን አታገኝም።»

«ትንሽ ጻፊ፣ ትንሽ ተዪ። ለዚህ አይደል እንዴ ሰባት ዓመት የተማርሽው?»

ኡሙልኸይር መፍጫውን አጠፋች። «እትዬ ሣህሊቱ፣ ምን የሚያሳፍር ነገር አለውና ነው? በእኛ ያጠባች እናት ናት። ልጆቿ እህት ወንድሞቹ ናቸው፤ አይጋቡም እኮ።»

«ስምስ ትሰጣለች?» አልኳት።

«ስሙማ የወላጅ አባቱ ነው፤ እሱ አይለወጥም። ግን አባቱ ካልታወቀ ወንድማችሁ ነው በሉት ነው ቁርኣኑ የሚለው። የወንድም ስም ደግሞ ማን ይከለክላል?»

«እሱማ እኛስ ጋ ቢሆን» አለች እናቴ ድንቹን እየላጠች። «ሙላው የአባቴ የጡት ልጅ አይደል?»

ቆምኩ። ጋሽ ሙላው አጎቴ ናቸው፤ በየእሑዱ ከደብረ ብርሃን ይደውላሉ። የዲቪ ፎርማችንን የሞሉት እሳቸው ናቸው። በአያቴ ስም ነው የሚጠሩት።

«ጋሽ ሙላው ወንድምሽ አይደሉም?»

«ወንድሜ ነው። አባትና እናቱ በወባ አለቁ፤ አባቴ ሽማግሌ አስቀምጦ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርሽኝም።»

«እንግዲህ ረስቼው ነው» አለች። እውነቷን ነበር፤ ፊቷ ላይ የተደበቀ ነገር አልነበረም።

ሰባት ዓመት የሰው መዝገብ ሳገላብጥ የራሴን አጎት አላወቅኩም። ከሰዓት በኋላ ሲደውሉ ስልኩን ከእናቴ ተቀብዬ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሙላው ሳቁ።

«ማሩ እንዴት እንደነበር ልንገርሽ? ማሩ ትዝ አይለኝም። አባባ ከእርሻ እንደመጣ ነው፣ ጣቱ አፈር አፈር ይል ነበር። እሱ ነው እስካሁን አፌ ላይ ያለው።»

«ሰው ሲያነሳብዎ አይከፋዎትም?»

«ማን ያነሳዋል? ባይነግሩኝ ነበር የሚከፋኝ። ያን አፈር ከየት አመጣው ነበር ታዲያ?»

ሰኞ ዕለት ለሚስተር ማኑኤል ነገርኳቸው።

ገጹን በታብሌቱ ላይ አጎላሁት፤ ሚስተር ማኑኤል በአጉሊ መነጽራቸው ቃል በቃል አነበቡት። ሁለት ጊዜ።

«ይሄ ሌላ ፍራንሲስኮ ነው» አሉ። «ከደሴቲቱ ወንድ ግማሹ ፍራንሲስኮ ነው።»

የጋብቻውን መዝገብ ከፈትኩላቸው። «ፍራንሲስኮ ቴሼይራ፣ በማዞሪያው የተገኘ፣ በማሪያና ዴ ጄዙስ ቤት ያደገ» ይላል።

«ቄሱ ሰክሮ ነው።»

«ሁለት ቄሶች ናቸው፤ በመካከላቸው ሃያ ስምንት ዓመት አለ።»

«ሁለቱም ሰክረው ነው። የእኛን ቄሶች አንቺ ታውቂያቸዋለሽ? እኔ አውቃቸዋለሁ።» አጉሊ መነጽሩን አልጋው ላይ ጣሉት። «ባላባት ጻፊልኝ አልኩሽ፤ ዲቃላ አመጣሽልኝ። ኮይምብራ ይህን ነው ያስተማረሽ? ውጪ፣ ዶቶራ።»

ወጣሁ። ያን ቀን እራታቸውን መለሱ። ማክሰኞ ቁርስም ምሳም መለሱ፤ ረቡዕ ከሻይ በቀር አልቀመሱም። ጋሻውን ከግድግዳ አውርደው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው መሬት ላይ አቆሙት። ያነሳው ሰው የለም።

«ነገ ነርሷ መጥታ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለች እናቴ። «ልጄ በታሪክ ገደለቻቸው ልበል?»

ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሳልከፍተው መልሼ አስገባሁት። የት ልሄድ ነበር?

ሐሙስ ጠዋት ኡሙልኸይር መጣች። «ይጠሩሻል። ዶቶራ አላሉም፣ ኖላዊት ነው ያሉት። እንጃ፣ ወይ ታርቀውሻል ወይ ሊያባርሩሽ ነው።»

ተነስተው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አልተላጩም።

«ማሪያና ዴ ጄዙስ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እናውቃታለን» አሉ። «በየዓመቱ በሙታን ቀን አያቴ ጆዜ ሻማ ይዞ ስም ይጠራ ነበር። ሁላችን ቆመን። መጀመሪያ ማሪያና። ሁልጊዜ ማሪያና፣ ከገዛ አባቱ በፊት። እሷ ለምን እንደምትቀድም ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ስትሆኚ አትጠይቂም፤ ዳቦው እስኪቆረስ ነው የምትጠብቂው።»

«አያትዎ ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

«ያውቅ ነበር። አባቴም ሳያውቅ አይቀርም። እኔ አሜሪካ ስመጣ ማሪያናን ረስቼ ጋሻ ገዛሁ። እሷ ራሷ ቴሼይራ አልነበረችም፣ አይደል?»

«አልነበሩም። ስሙ የባላቸው የማኑኤል ነው። እሱም ከየት እንዳገኘው አልደረስኩበትም። አባቱ ቴሼይራ ለሚባል ባለመሬት ሎሌ የነበረ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

«አንቺ በምን እርግጠኛ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

«በማሪያና» አልኩ። አፌ ነው የቀደመኝ፤ ግን ሳስበውም አልተሳሳተም። አራቱን መስመር የጻፈው ቄስ ስለሷ የሚዋሽበት ምክንያት አልነበረውም። የልጅ ልጆቿም ሳያውቁት መዝገቡን በሻማ እየጠበቁላት ኖረዋል።

«የራሷ ልጅ ነበራት?»

ይህን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነበር። «ሮዛ የምትባል ሕፃን ነበረቻቸው። ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተቀብራለች። ፍራንሲስኮ ቤታቸው ከመግባቱ ስምንት ቀን በፊት።»

ሚስተር ማኑኤል በመስኮቱ አሻግረው የጎረቤቱን ዛፎች አዩ። ዝናቡ ቆሞ ነበር።

«ወተቱ የሮዛ ነበር» አሉ።

ከቆይታ በኋላ ቁም ሣጥናቸውን አስከፈቱኝ። ከታች፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ የመረብ ክር በድቡልቡል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አረንጓዴ፣ ጨውና ዓሣ የሚሸት። ክንዳቸውን ያህል ቆረጡ። ከዚያ እናቴን ጠርተው ገንፎ አዘዙ። እናቴ ገንፎውን ስታቀርብ እጇ ላይ ትኩስ እንቁላልም ነበር፤ ያላዘዙት።

ዳያና ጋ ኮል አድርጊልኝ አሉኝ። አላነሳችም። መልእክት ተቀባዩ ላይ ጮክ ብለው ተናገሩ፤

«ዳያና፣ አያትሽ ነኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም የደወልኩት። እሑድ ልጅቷን ይዘሻት ነይ። አንድ ሰው ላስተዋውቃት እፈልጋለሁ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ አታውቂም» አሉ፤ ግን በቁጣ አይደለም።

ዓርብ አልደወለችም። ቅዳሜም። እሑድ በአምስት ሰዓት፣ እናቴ «ባቡሩ ቆሞ ይሆናል እኮ፣ እሑድ እሑድ ይቆማል» እያለች ሰው ሳይጠይቃት ስታጽናናን፣ በሩ ተንኳኳ።

ዳያና ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ገባች። ሌኒ ከኋላዋ፣ የዝናብ ቦቲዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ አስተካክላ አቆመች። የፊት ጥርሷ ወልቋል።

«መልእክትህን ሰማሁት፣ ቮቮ» አለች ዳያና ሳትቀመጥ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ከማን ጋር ነው የምታስተዋውቃት?»

ሚስተር ማኑኤል አልመለሱላትም። ሌኒን በጣታቸው ጠሩና ከኪሳቸው አረንጓዴውን ክር አወጡ። ቅዳሜን ሙሉ ሲሠሩት የዋሉት ነው፤ ስምንት ቋጠሮ አለው፣ እያንዳንዱ የመረብ ቋጠሮ፣ የማይፈታ።

«ይሄ የመጨረሻው አንቺ ነሽ» አሏት። «ሌኒ። ከአንቺ በላይ ያለው ዳያና። ይሄ ፖል ነው፣ ልጄ፣ የዳያና አባት። አላወቅሽውም፤ ቢያውቅሽ ብስክሌት ያስተምርሽ ነበር። ይሄ እኔ። ይሄ አባቴ አንቶኒዮ። ይሄ ጆዜ። ይሄ ደግሞ ፍራንሲስኮ።»

ሌኒ በጣቷ እየነካች ተከተለች። «ይሄኛውስ? ላይኛው?»

«እሱን ላስረዳሽ። ፍራንሲስኮ ሕፃን ሆኖ ብቻውን ነው የመጣው። እናቱን ማንም አላያትም። እጁ ላይ እንደዚህ ያለ ክር ታስሮ ነበር፣ አረንጓዴ።»

«ማን ወሰደው?»

«ማሪያና።»

ሌኒ ክሩን አጥብቃ ያዘች። «ለስንት ጊዜ?»

ዳያና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም የማየው ቦታ ጠፋኝ።

«ለሁልጊዜ» አሉ ሚስተር ማኑኤል። «አልመለሰችውም።»

«ስሟንስ ሰጠችው?»

«ስሟን አይደለም፤ የባሏን ስም ሰጠችው። እሱም ከሌላ ሰው ያገኘው ነው።» ዳያናን ቀና ብለው አዩዋት። «እኔም የያዝኩት ያንኑ ነው። ኮት ነው፣ ዳያና። ኮት ነበር፤ አላወቅኩም።»

ዳያና የኮቷን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ፈታች። ሌኒ ሮጣ ተቀበለቻትና መንጠቆው ላይ ለመስቀል ተንጠራራች።

እናቴ ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ምን እንደተባለ በአማርኛ አስረዳኋት። ትሪውን አስቀመጠች፤ ክሩን ከሌኒ ለምና ተቀበለች፤ ቋጠሮዎቹን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች በሹክሹክታ ቆጠረች።

«ከልጅቷ በላይ ሰባት» አለች። «ሰባት ቤት ሞልቷል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

አላመንኳትም፤ ክሩን ወስጄ ራሴ ቆጠርኩት። ዳያና፣ ፖል፣ ማኑኤል፣ አንቶኒዮ፣ ጆዜ፣ ፍራንሲስኮ፣ ማሪያና። ሰባት ነው።

ዳያና ከመሄዷ በፊት የፍርድ ቤቱን ቅጽ በስልኳ አሳየችኝ። «መሐል ላይ ማሪያና ማስገባት እችላለሁ፣ አይደል? ይፈቀዳል?» ይፈቀዳል አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማመንታት። ሌኒ «ሌኒ ማሪያና ቴሼይራ» እያለች ቦቲዋን አጠለቀች፤ ወልቆ በቀረው ጥርሷ በኩል የመጨረሻው ስም ያፏጫል። ሚስተር ማኑኤል አላረሟትም። ክሩን ጋሻው ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ እንድሰቅለው ጠየቁኝ። «ሚስማሩ ደህና ነው» አሉ፣ «እሱን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ማክሰኞ እናቴ አዲስ ካርድ አወጣች፤ ወሩ ሊያልቅ ነበር፣ ኢንስፔክተሯ ትመለሳለች። ወፍራም እስክሪብቶዋን ይዛ በሚስተር ማኑኤል በር ፊት ቆመች። መራመጃቸውን ተደግፈው ወጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ማኑኤል አንቶኒዮ ጆዜ» አለች እናቴ። «እሱን ድሮም ጽፌው ነበር። ምን ተሳሳትኩ?»

«ምንም» አሉ፤ እኔ ተረጎምኩላት። «ፍራንሲስኮና ማሪያና ይቀጥሉበት።»

ጻፈች። ካርዱ አለቀ፤ ሁለተኛ ካርድ በፕላስተር አያያዘችበት።

«ቴሼይራስ? የት ይግባ?»

ሚስተር ማኑኤል ካርዱን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«መጨረሻ ላይ» አሉ። «ቦታ ከተረፈ።»

ቦታ ነበረው።